ዘማቹ ያሳየን ድንጋይ

የዚያን ምሽት መካነ ሰላም ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ሁሴን፣ ቤታችን ያረፈው ዘማች ተማሪ ሰሎሞንና እኔ ነበርን። ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤቱ ተውሶ ያመጣውን የሰማይ መነጽር ዓይኔ ላይ ሳስጠጋ፣ የዓይን ማስጠጊያው ጎማ ሽታ ወደዚያ ምሽት መለሰኝ።

ከረሃቡ የተረፍንበት፣ ንጉሡ ወርደው ተማሪዎች ገጠር የዘመቱበት ዓመት ነበር። ሰሎሞን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ይዞት የመጣውን የሰማይ መነጽር አስተካክሎ ከከዋክብቱ መሃል አንዲት ነጥብ አሳየን። ቆይተን ስናያት ቦታዋን ለቃ ነበር።

«ኮከብ አይደለችም፤ በመሬት አቅራቢያ የምታልፍ ድንጋይ ናት» አለ።

እናቴ ደነገጠች። «ያ አላህ! ረሃቡ አንሶን ድንጋይ ይጨመርብን?»

ሁሴን ሳቀ። «ከወደቀችማ ፈጭተን እንበላታለን!»

«አይዞዎት እማማ» አለ ሰሎሞን። «የሚያስፈራው ያልታየው ነው። ይህችን ግን በየአገሩ ያለ የሰማይ ተመራማሪ ዓይን ይከተላታል።»

እናቴ መቀመጥ አቅቷት ግቢውን ስትዞር ቆየችና ተመልሳ፣ «አንተንስ ልጄ፣ የማን ዓይን ይከተልሃል?» አለችው። ያኔ አልገባኝም።

ብዙም ሳይቆይ ዘማቾች መታሰር ሲጀምሩ፣ ሰሎሞን ሸሽቶ በእግሩ ወደ ከላላ ከተማ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ከዚያ የመጣን ሁሉ ስለ እሱ ትጠይቅ ነበር። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ሰሎሞን የሚባል ዘማች ከላላ መድረሱን ያየ ካለ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።