በስሟ ጠራኋት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌንና ውሸቴን ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን ዘለልኩት። ለእሳቸው ፌስቡክን ከየት ጀምሬ ላስረዳ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። እናንተ ግን ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ እናንተው ስሙኝ።

ያኔ መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ፣ አክስቴ የልብስ ቁልፍና ክር በምትሸጥበት ሱቅ እሠራ ነበር። አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም። አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ፤ የሚያስቀምጠኝ መጻፍ ብቻ ነበር። ስልኬን ባንኮኒ ሥር ደብቄ እጽፋለሁ። አክስቴ ስታየኝ፣ «አሁንም ከዚያ ዕቃ ጋር ነሽ? ሰው የለሽም እንዴ?» ትላለች። እውነቷን ነው፣ አልነበረኝም። በዚያ ሁሉ ግፊያ መሀል የጻፍኩትን የማሳየው አንድ ሰው አልነበረም።

ከዚያ የጸሐፊዎች ግሩፕ አገኘሁ። በብዕር ስም ሁለተኛ አካውንት ከፈትኩ። ጤናአዳምን ያገኘኋት እዚያ ነው፤ ጤናአዳም የእሷም የብዕር ስም ነው። የመጀመሪያ ጽሑፌን ማንም ዞር ብሎ ሳያየው እሷ ኢንቦክስ መጥታ፣ «ሁለተኛው አንቀጽ ይቅደም። ማልቀሱን ደግሞ ለእኛ ተይልን» አለችኝ። ሳቅኩ። ያለችውን አደረግኩ፣ አማረ። ኢንተርኔት በሰበብ አስባቡ በሚዘጋበት በዚያ ዘመን፣ ሲለቀቅ መጀመሪያ የምፈልገው የእሷን መልእክት ነበር። እንደ እብድ ብቻዬን የማወራ ሲመስለኝ፣ ጸሐፊ ነሽ ያለችኝ እሷ ናት።

አንድ ቀን ስለ አባቷ ጻፈች። የተከበረ ነጋዴ ነው፣ ማንበብ ግን አይችልም። ወረቀት ሲሰጡት «መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ፣ አንቺ አንብቢልኝ» ይላታል። መነጽሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። እሷም እንዳላየች ሆና ታነብለታለች። ግሩፑ በሙሉ አለቀሰ። ከሱቃቸው ፊት ለፊት ስላለችው ድምፅዋ መሳለሚያ ድረስ የሚሰማ ቁልፍ ሻጭም ጽፋለች፤ አጠገቧ ስላለችው፣ የብር መልስ ስትሰጥ ለውሻ እንደምትወረውር ስለምትወረውረው አኩራፊ ልጅም።

ሴትዮዋ አክስቴ ናት። ልጅቷ እኔ ነኝ።

ቀና አልኩ። ፊት ለፊት የጋሽ ከድር ፍራሽ ሱቅ። ልጃቸው ሰሚራ በሩ ላይ ቆማለች። በየቀኑ «ዝርዝር አለሽ?» ከመባባል ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። ተሻግሬ «እኔ ነኝ እኮ!» ብላት ምን ነበረበት? አልተሻገርኩም። አኩራፊ ስላለችኝ ነው? እሱ ሰበብ ነው። የእኔን ጽሑፍ ጥቂት ሰው አይቶት ሲያልፍ ለእሷ ያ ሁሉ ሰው ስላለቀሰ ነው። ቀናሁ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በሚከታተለኝ በእውነተኛ ስሜ ገባሁና ሥሩ ጻፍኩ፦ «ሰሚራዬ፣ የጋሽ ከድር ልጅ፣ ጎበዝ! እንዲህ ትጽፊያለሽ ለካ!» ልብም ጨመርኩበት። አድናቆት አስመስዬ አጋለጥኳት። አውቄ ነው። እያንዳንዷን ፊደል አውቄ ነው የነካሁት።

ሳይመሽ ወሬው የሱቆቹን መስመር በሙሉ አዳረሰ። በማግስቱ አንድ ደላላ ወረቀት ይዞ መጣና፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ዛሬስ መነጽርዎን ይዘዋል?» አላቸው። ተሸካሚው ሳቀ፣ ባለሱቁ ሳቀ። አክስቴም ሳቀች። ጋሽ ከድር እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱና ባዶውን መለሱት። ወረቀቱን ተቀበሉ፣ አዩት፣ አጠፉት፣ ወጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሱቁን የሚከፍተው ወንድማቸው ነው፤ ሰሚራም ከሱቁ ቀረች።

ጤናአዳም ለብዕር ስሜ ጻፈች። «አባቴ አያናግረኝም። አንዲት የሰፈር ልጅ በስሜ ጠራችኝ። ለምን ይመስልሻል?»

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ምን አልኩ? «አይዞሽ፣ ሳታውቅ ይሆናል። አድንቃሽ ነው።»

«እውነትሽን ነው፣ ክፉ አላስብባትም። አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» ብላ መለሰች። ከዚያ አካውንቷ ጠፋ።

ከወራት በኋላ ሰሚራ የቀራትን ዕቃ ልትወስድ መጣች። ወደ እኛ ሱቅም ተሻገረች።

«ስለዚያ ነገር እንዳትጨነቂ» አለችኝ። «ሳታውቂ ነው። አንድ ጓደኛ ነበረችኝ፣ እሷ ናት ያስረዳችኝ።»

«አሁንም ትጽፊያለሽ?» አልኳት።

«ኧረ ተይኝ! አባቴ እንኳን አሁን ወረቀት በሌላ ሰው ነው የሚያስነብበው።»

ሄደች። ያኔም አልተናገርኩም።

እና ይቅር ተባልኩ ማለት ነው? ይቅር የተባለችው ሳታውቅ ያጠፋች ልጅ ናት፤ እሷን ደግሞ የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ሰሚራ፣ ይህን ካነበብሽ፣ አውቄ ነው ያደረግኩት። ያስረዳችሽም እኔው ነኝ። ይቅርታሽን መልሰሽ ውሰጂ።