የንጋት ጥያቄ

እንግዳው የሚባለው ሰው ላሊበላ ላይ አሉ ከሚባሉት አስጎብኚዎች አንዱ ነው፤ ወሬውን ሲጀምር ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማው። ቤቱ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ወሬ የት እንደሚገባ እንጃ! ንጋት የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለችው። ጥያቄዋ መች ያልቅና! ሲሰለቸው፣ "ጨዋ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት እንዲህ ናት" እያለ መዳፏን አፏ ላይ ማድረግ አስለመዳት።

አምና ለንግሥ ከአለት ወደተፈለፈለው ገነተ ማርያም ይዟት ሄዶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ሽቅብ አየችና የደብሩን መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን፣ "አለቱን ሲፈለፍሉት ስብርባሪውን የት ጣሉት?" አለቻቸው። እሳቸው ደስ ብሏቸው ሊመልሱ ሲሉ አባትየው ክንዷን ቆንጥጦ ዝም አሰኛት።

ነውሩ ግን ገና ነው። ጥያቄዋን ወሰደባት! ከዚያ ወዲህ ጎብኚዎቹን ሰብስቦ፣ "ስብርባሪው የት የሄደ ይመስላችኋል?" ይላቸዋል። እነሱም፣ "እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው!" እያሉ ያደንቁታል። እሱ ሆዬ ዓይኑን በጨው አጥቦ ምስጋናውን ይቀበላል።

ዘንድሮ አንድ ቀን ሚስቱ የትናየት ፍላቂት ገበያ ስለሄደች ንጋትን ከጎብኚዎች ጋር ወደ ገነተ ማርያም ይዟት መጣ። ጥያቄውንም እንደለመደው ጠየቀ። መሪጌታ አጠገቡ ቆመው ኖሯል።

"አይ እንግዳው! ይኼ የልጅቱ አይደለም እንዴ?" አሉና ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። "ያኔ ሳልመልስልሽ ቀረሁ፣ የኔ ልጅ። እስቲ ለአንቺ የት የጣሉት ይመስልሻል?"

ንጋት አባቷን አየት አደረገችና መዳፏን አፏ ላይ ጫነች።

"ተናገሪ እንጂ!" አላት እንግዳው። ሁለተኛውን እጇንም አፏ ላይ ደረበች። መሪጌታ ቀና ብለው አዩት። ምነው በተቆጡኝ አለ እንግዳው በሆዱ። ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ የሚገባበት ጠፋው።

ጎብኚዎቹን ሆቴላቸው አድርሶ ከልጁ ጋር በእግር ወደ ቤት ሲሄዱ መንገድ ዳር ቁጢጥ አለላት።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ እመቤት። ከዛሬ ጀምሮ ደስ ያለሽን ጠይቂኝ። ማርያምን አልቆጣም!"

ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ብዙ አሰበች።

"ምን ብዬ ልጠይቅህ፣ አባዬ?" አለችው ቀስ ብላ። "ንገረኝና እሱን እጠይቅሃለሁ።"