ስሙ ከሰሌዳው ግርጌ

አባ ሰሌዳ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ስም ሲጽፉ ኖረዋል። የዳቦ ቤቱ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የጎማ ጠጋኙ ሰሌዳ ሁሉ የእጃቸው ሥራ ነው። የራሳቸውን ስም ግን ከእያንዳንዱ ሰሌዳ ግርጌ፣ በቀኝ በኩል፣ በጥፍር ልክ ብቻ ነበር የሚያኖሩት።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ክቡ ፊደል እምቢ አላቸው፤ ቀጥሎ ቀጥ ያለው መስመርም። ብሩሹን ለልጃቸው አስረክበው እሳቸው ቀለም መበጥበጥና ትዕዛዝ መቀበል ያዙ። የልጅቷ እጅ ከእሳቸውም ይበልጥ የረጋ ነው። ይህንን ለጎረቤታቸው ለፀጉር አስተካካዩ በቀን ሁለቴ ይነግሩታል፤ ደግሞም እሷ እንዳትሰማ በሩን ዘግተው።

የሚያበግናቸው አንድ ነገር ነበር። የሱቁ ድረ ገጽ የተከፈተው በ«አባ ሰሌዳ» ስም ስለሆነ ደንበኛው ሁሉ የሚጽፈው ለእሳቸው ነው። ሥራው የእሷ፣ ምስጋናው የእሳቸው። አሁን ደግሞ አዲስ የተሠራ ሆስፒታል የሰባ አራት ክፍሎቹን ስም በየበሩ ላይ የሚጽፍለት ሰው እየመረጠ ነው። የታተመ ፕላስቲክ በበረኪና ሲታጠብ ይላጣልና የፈለጉት በእጅ የተቀባ ነው። ናሙናውን ልጅቷ ሠርታ ልካለች፤ መልሱ በሳምንቱ ውስጥ በኢሜይል ይመጣል ተብሏል።

«የድረ ገጹን ስም በስምሽ አድርጊው» አሏት አንድ ጠዋት። «መልሱ ሳይመጣ።»

ከላሜራው ላይ ቀና ሳትል፣ ጊዜው አይደለም አለቻቸው። ገጹም የኢሜይል ሳጥኑም የተንጠለጠሉት በአካውንቱ ዋና ዶሜይን፣ ማለትም በድረ ገጹ አድራሻ ስም ላይ ነው። እሱ ሲቀየር በአሮጌው ስም የተከፈተው ሳጥን በራሱ አይከተልም። ሆስፒታሉ የሚያውቀው ደግሞ አሮጌውን አድራሻ ብቻ ስለሆነ፣ መልሱ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

«ካሸነፍሽ በኋላ ብትቀይሪው ውሉ በእኔ ስም ይሆናል» አሉ። «ሰባ አራት በር አንቺ ጽፈሽ፣ የሚመሰገነው እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ነው?»

«ያስተማረኝ ሽማግሌ ነዋ፣ አባዬ።»

«አስተምሬ ጨርሻለሁ። ይልቅ የሱቅ ስም ሲቀየር እንዴት እንደምንሠራ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ብሩሹን አስቀመጠች። አሠራሩን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አዲሱ ሰሌዳ ተጽፎ እስኪደርቅ ድረስ አሮጌው ከቦታው አይነሣም። አዲሱ ከተሰቀለም በኋላ ደንበኛ እስኪለምድ ድረስ የቀድሞው ስም ከሥሩ በትንሹ ተጽፎ ይቆያል።

እሷም እንደዚያው አደረገች። አዲሱን ዶሜይን በስሟ አስመዘገበች፤ ገጾቹንና የቆዩትን ደብዳቤዎች በሙሉ ቀድታ አስቀመጠች። ዋናውን ስም መቀየር የሚችለው ድረ ገጻቸውን የሚያስቀምጥላቸው ኩባንያ ብቻ ስለሆነ ጥያቄዋን ላከች። አሮጌው ስም ሁለተኛ ሆኖ እንዲቆይ፣ በእሱ የሚመጣ ጎብኚም ደብዳቤም ወደ አዲሱ እንዲመራ ለይታ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። አካውንቱ በአባ ሰሌዳ ስም ነውና የኩባንያው ሠራተኛ ከራሳቸው አፍ መስማት ፈልጋለች።

«አባባ፣ ስምዎ ከላይ እንደሚነሣ ልጅዎ በደንብ አስረድታዎታለች?» አለች፤ ጥርጣሬዋን ለመሸፈን ብዙም አልደከመችም። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ ፊቷ ቀላ።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ሰሌዳ ጸሐፊ ነኝ» አሉ አባ ሰሌዳ። «ከላይ የሚጻፈው የባለቤቱ ስም ነው፤ የሠሪው ከታች። እሷን የሠራኋት እኔ ነኝ። እኔን ከታች አድርጊኝ።»

ሠራተኛዋ ሳቀች፤ ሥራውንም ጀመረች። ከዚያ ለሁለት ሰዓት ያህል ገጹ ባዶ ሆነ። አባ ሰሌዳ በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ፣ ማንም ያላዘዘውን ቀለም ይበጠብጣሉ። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ ከኢንተርኔት ተባረርክ አሉ፣ አላቸው። መቀስህን የሚወርስ ብታገኝ አንተም ዛሬውኑ ትባረር ነበር ብለው መለሱለት።

ሊመሽ ሲል ገጹ ተከፈተ። ከላይ የልጅቷ ስም በትልቁ። ከግርጌው፣ በቀኝ በኩል፣ በጥፍር ልክ፣ «የቀድሞው አባ ሰሌዳ»።

የሆስፒታሉ መልስ የመጣው በማግስቱ ነው። የተላከው ወደ አሮጌው አድራሻ ቢሆንም በልጅቷ አዲስ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ናሙናው ተመርጧል፤ ውሉን በማን ስም እንደሚያዘጋጁ አባ ሰሌዳን ይጠይቃሉ።

ልጅቷ ልትመልስ እጇን ስትዘረጋ፣ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ ብለው ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ስሟን በአንድ ጣት ፊደል በፊደል ጻፉ። ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ መታ፤ ትርፉን አጥፍተው ላኩት።

ከዚያ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ተሻገሩ። ለዚያ ቀን ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። የልጃቸውን እጅ ከፍ ባለ ድምፅ ማወደስ ሲጀምሩ በሩን አልዘጉትም።