ታረቀኝ ያሳየው መንገድ

ከዲላ ወደ ደቡብ በሸንተረሩ ጀርባ የሚሄደውን የበቅሎ መንገድ እንደ ታረቀኝ የሚያውቀው አልነበረም። ይህን የሚለው ራሱ ታረቀኝ ነው፤ ሌላውም ሰው አልካደውም። ከባልንጀራው ከፈለቀ ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ወጥቷል፣ ቡና ጭኖ ወርዷል። በየጉብታው የሚያርፍበት ደጅ ነበረው። ሶንጎ በሚሉት አደባባያቸው ለሸንጎ የተሰበሰቡ የጌዴኦ ሽማግሌዎች እንኳ ስሙን ጠርተው ይመርቁታል። ዲላ ውስጥ ከነጋዴ አንዱ ነበር፤ ሸንተረሩ ላይ ግን ሹም ነው።

በሃምሳዎቹ አጋማሽ ከአዲስ አበባ አንድ መሐንዲስ መጣ። የመኪና መንገድ ሊወጣ ነው፣ አገር የሚያውቅ መሪ ይፈለጋል ተባለ። ሰው ሁሉ ወደ ታረቀኝ ጠቆመ። ታረቀኝ እጅ ነሥቶ እሺ አለ። ሸንተረሩ ላይ መኪና ከወጣ ግን በቅሎውን ማን ሊፈልገው?

"የማን ቤት ጠፍቶ የማን ቤት ሊበጅ!" አለው ለፈለቀ። "በታች ነው የምወስደው።"

"በረግረጉ?" ፈለቀ ሳቁን ማፈን አቃተው።

በታች ማለት ሦስት ወንዝ፣ እስከ ጉልበት የሚውጥ ጭቃና አልቅት ነው። የታረቀኝ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ በቅሎ ያልደፈረችውን መኪና ከየት አምጥቶ ይደፍረዋል? መሐንዲሱ አንድ ሁለት ቀን ጭቃ ያቦካና ካርታውን ጠቅልሎ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ሦስት ቀን መራው። ዝናብም አገዘው። በሦስተኛው ቀን መሐንዲሱ አንድ ጫማውን ጭቃ አስቀርቶበት፣ በካልሲ ቆሞ ግራና ቀኙን ቃኘ።

"አቶ ታረቀኝ፣ ነጋዴው ሁሉ የሚሄደው በዚህ ነው?"

"በዚሁ ነው ጌታዬ። ከዚህ የተሻለ የለም።"

መሐንዲሱ አቀፈው። "ዳገት የለ፣ ገደል የለ፣ ድንጋዩ ወንዝ ዳር ተከምሮልናል! ሌላ ሰው ቢሆን በሸንተረሩ አንከራቶ ይገድለኝ ነበር።"

"ወንዙስ?" አለ ታረቀኝ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

"ድልድይ እንሠራለታለን።"

መንግሥት ለመኪና ሲል ሦስት ድልድይ ይሠራል የሚለው ነገር ለታረቀኝ በሕልሙም አልመጣለትም ነበር።

በሁለት ዓመት መንገዱ አለቀ። ቡናው በጭነት መኪና መውረድ ጀመረ፤ የሸንተረሩም ገበያ ወርዶ መንገድ ዳር ተተከለ። ታረቀኝ በቅሎዎቹን አንድ በአንድ ሸጠ። በምርቃቱ ቀን የአውራጃው ገዥ ሕዝብ ፊት አቁመው "ይህን መንገድ ያሳየን ባለውለታ!" አሉት። ታረቀኝ በኀፍረት አቀረቀረ፤ ትሕትና መሰላቸውና ጭብጨባው ደራ። ለውለታውም ካኪ ካፖርትና የመንገድ ጥበቃ ሥራ ተሰጠው። ሥራው የጭነት ከብት አዲሱን መንገድ እንዳይረግጥ መከልከል ነው።

መጀመሪያ የገጠመው ፈለቀ ነበር። ሁለት በቅሎ ቡና ጭኖ በጠጠሩ ላይ እያዘገመ መጣ። ታረቀኝ ዱላውን አግድም ዘረጋ፤ ዓይኑን ለማየት ግን ድፍረት አጣ።

"ክልክል ነው።"

"እሺ ጋሽ ታረቀኝ፣ በየት ልሂድ ታዲያ?"

ታረቀኝ ወደ ሸንተረሩ አመለከተ።

ፈለቀ ቀና ብሎ አየ። "እሱንማ ሣር ውጦታል፤ ገበያው ከወረደ ወዲህ ሰው አልረገጠውም። አሁን እኔም አልለየውም፤ ከአንተ በቀር ማን ያውቀዋል? ና ምራኝ።"

ታረቀኝ ሸንተረሩን ቆሞ አየው፣ ቆይቶም የካፖርቱን ቁልፍ ቆለፈ።

"ሥራ ላይ ነኝ" አለ።