የመቀሱ ጥላ

የሥራ ባልደረቦቿ ጨለሜ ይሏታል። ስሙ የወጣላት በመልኳ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የምትውለው ጨለማ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ነው። የምትሠራበት የምርምር ማዕከል ለራጅ የሚሆን ፊልም ይሠራል። እሷ የብር ጨው የተቀላቀለበትን ጄላቲን በስስ ፕላስቲክ ላይ ትቀባለች፣ ታደርቃለች፣ ትቆርጣለች፣ ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ወረቀት ትጠቀልላለች። ዓይኗ ያላየውን ጣቷ ያየዋል።

ታዲያ ይቺ ሴት ፈሪ ናት። ጨለማን ባትፈራም ሌላውን ሁሉ ትፈራለች። ስልክ ሲጮህ ትደነብራለች፤ ልጇ ካስነጠሰች ሐኪም ቤት ካልሄድን ትላለች፤ አለቃ «እስቲ ነይ» ካላት ተባረርኩ ብላ ታስባለች። አማቷ «አንቺ እኮ ጥላሽ ቢከተልሽ ፖሊስ ትጠሪያለሽ» እያሉ ይስቁባታል።

በዚያ ዓመት ማዕከሉ የሚመራመረው ማቀዝቀዣ የሌላቸው ጤና ጣቢያዎች ሊያስቀምጡት በሚችሉት ፊልም ላይ ነበር። ፊልም ሙቀትና እርጥበት ከበዛበት ማንም ሳይነካው ይጠቁራል፤ እነሱ «ጭጋግ ለበሰ» ይሉታል። አዲሱ ቅብ ይህን ይችል እንደሆነ ለማወቅ የምርምሩ ኃላፊ፣ ሽበታሙ ዶክተር፣ አንድ ዘዴ አመጡ። ሠራተኛው ሁሉ አንድ አንድ የታሸገ ጥቅል ቤቱ ይወስድና እንደማንኛውም ዕቃ ያስቀምጠዋል፤ ከሳምንታት በኋላም ይመልሰዋል።

ጨለሜ የራሷን ጥቅል ያኖረችው አማቷና ትንሿ ልጇ በሚተኙበት ክፍል፣ ከቁም ሣጥኑ ታችኛ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ጥቅሎቹ ተመልሰው ሲታጠቡ የሁሉም ፊልም ጥርት ብሎ ወጣ። የእሷ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ ወጣ።

«ጨለሜ ጨለማዋን ይዛ መጣች!» አለ ኬሚካል የሚበጠብጠው ጓደኛዋ። ሁሉም ሳቁ።

«ከፍታችሁት ይሆን?» አሏት ዶክተሩ።

«ልጄን! አልከፈትኩትም ዶክተር። ማንም አልነካውም።»

«ልጅ ያለበት ቤት አይደል፣ አይታወቅም» አሉና ሌላ ጥቅል ሰጧት። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ እሷ ግን እንጀራዬ ተቆረጠ ብላ እያለቀሰች ቤቷ ገባች። ጥቅሉን እዚያው መሳቢያ ውስጥ አስተኛችው። ሰው ከነካው እንዲታወቃት ብላም የልብስ መቀሷን ከላዩ አጋደመችበት። ልትመልሰው ስትከፍት መቀሱ ካስቀመጠችበት ንቅንቅ አላለም። እፎይ አለች።

ፊልሙን ራሷ አጠበችው። በደብዛዛው ቀይ መብራት ሳህኑን ቀስ እያደረገች ስታወዛውዝ ፊልሙ አሁንም መጥቆር ጀመረ። ጥቁረቱ ሲበረታ ግን መሀሉ ላይ ሳይጠቁር የቀረ ነገር ታያት። ሁለት ቀለበት፣ ሁለት ስለት፣ መሀል ላይ ብሎን። መቀሱ ነበር።

ዶክተሩ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዘው አገላብጠው አዩት።

«መቀሱ ጥቅሉ ውስጥ ነበር?»

«ከላዩ ነው ያስቀመጥኩት። ከወረቀቱ ውጭ። ቁም ሣጥን መሳቢያ ውስጥ ነበሩ።»

«ብርሃን ቢሆን ወረቀቱን አያልፍም» አሉ ዶክተሩ ቀስ ብለው። «ይሄ ወረቀቱንም እንጨቱንም አልፎ፣ የቆመው መቀሱ ብረት ላይ ብቻ ነው። ልክ ራጅ ስንነሳ አጥንት እንደሚታየው። እህቴ፣ ከቁም ሣጥኑ በላይ ምን አለ?»

ጨለሜ አሰበች። ባሏ በያጅ ነው። የመጀመሪያውን ጥቅል ከመውሰዷ ጥቂት ቀደም ብሎ ከሚፈርስ የድሮ ፋብሪካ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር አንዲት አረንጓዴ ሣጥን ይዞ መጥቶ ነበር። ከግማሽ ጡብ አትበልጥም፤ ክብደቷ ግን ጉድ ነው። «መቀጥቀጫ ትሆነኛለች» ብሎ ወዷት፣ እናቱ ኮሪደሩን በብረት ሞላኸው ብለው ሲቆጡት አንስቶ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጣት።

ይህን ነገረቻቸው። ሌላ ነገር ትዝ አላት። ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትጫወተው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው። የተሰቀለውን ልብስ ገለል አድርጋ፣ ከመሳቢያው በላይ ካለው ጣውላ ላይ ተቀምጣ፣ አሻንጉሊቶቿን ትደረድራለች። ሣጥኗ በትክክል ከአናቷ በላይ ናት።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ተነሺ» አሏት ዶክተሩ። «እኔ ለጨረር መከላከያ መሥሪያ ቤት እደውላለሁ። አንቺ ሰዎቹን ከቤት አስወጪ። ሣጥኗን እንዳትነኪ፣ ሌላ ሰውም እንዳይነካት።»

ታክሲ ውስጥ ሆና አማቷ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች፤ አይነሳም። ከጎኗ የተቀመጡ ሰውዬ «አመመሽ እንዴ ልጄ?» አሏት። ዓይኗ ላይ የሚመላለሰው ያ ፊልም ነበር፤ በመቀሱ ቦታ ግን የልጇን ትንሽ የራስ ቅል ታያለች።

በሩን በርግዳ ስትገባ መጀመሪያ የሰማችው ዘፈን ነው። ልጇ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሆና ለአሻንጉሊቶቿ ትዘፍናለች። ክንዷን ይዛ ጎትታ አወጣቻት፤ ልጅቷ ደንግጣ ጮኸች።

አማቷ አልጋቸው ላይ ቀና አሉ። «ምን ሆነሻል? ልጅቷን ልትገነጥያት ነው?»

«እማማ፣ ይነሱ፣ እንውጣ። ያቺ ሣጥን ጨረር አለባት።»

«ምን አለባት?»

«ጨረር። አይታይም፣ ግን ሰውነት ውስጥ ይገባል።»

«ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«ይሰማል?»

«አይሰማም፣ እማማ!»

«እንግዲህ የማይታይ፣ የማይሸት፣ የማይሰማ ነገር ነው በዚህ ጉልበቴ ከቤቴ የሚያስወጣኝ?» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ለፈሪ ሜዳ አይነሱትም። አንቺ ሂጂ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።»

ጨለሜ አግብታ ቤቱ ከገባች ጀምሮ ለአማቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ያን ቀን ግን መስኮቱ እስኪርገበገብ ጮኸች። «በፍርሃቴ ይሳቁብኝ እማማ! እስኪበቃዎት ይሳቁ፤ ግን ውጭ ሆነው ይሳቁ!»

አሮጊቷ ፊቷን አዩት። ምን እንዳዩበት እግዜር ይወቅ፣ ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

የጨረር መከላከያ ሰዎች መለኪያ መሣሪያ ይዘው መጡ። መሣሪያው ደጃፍ ላይ አልፎ አልፎ ጠቅ ይላል፤ ክፍሉ ሲገባ እንደ ዝናብ ተንጣጣ። ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ባሏ የብየዳ መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ እየሮጠ ደረሰ። ሣጥኗን በወፍራም የእርሳስ ዕቃ ውስጥ ከተው ሲያወጡ አንደኛው ባለሙያ አስረዳው። ፋብሪካው በትልቅ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ መጠን የሚለካበት ዕቃ ናት። መዝጊያዋ ዝጎ እስከ ግማሽ ተከፍቶ ቀርቷል፤ የተከፈተው ወደ ታች ነው። የማስጠንቀቂያ ምልክቱ ከአረንጓዴው ቀለም ሥር ተሸፍኗል።

«ለክብደቷ ብዬ እኮ ነው» አለ ባሏ።

ሐኪም ቤት የሁሉም ደም ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ዘመድ ቤት ተጠግተው ሰነበቱ። ጨለሜ ልጅቷን ስታጥብ ቆዳዋን እየገለባበጠች ትመረምራለች። ስታበጥራት ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ትቆጥራለች። ልጅቷ ምሳዋን ካስተረፈች ይሄ ነው ምልክቱ ትላለች፤ ጠግባ ከበላችም ምነው አበዛች ትላለች። የፈሩት ይደርሳል የሚለው ተረት ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ባሏን ግን ቀና ብላ ማየት አቃታት። አንድ ጧት በረንዳው ላይ ጫማውን ሲያስር አገኘችውና፣ «ሰው የማያውቀውን ዕቃ ልጁ አናት ላይ ያስቀምጣል?» አለችው።

«ብረት መሰለኝ» አለ። ማሰሪያውን እንደያዘ አለቀሰ። እሷም አላባበለችውም። ማባበያው አልነበራትም።

ውጤቱ መጣ። የትልልቆቹ ደህና ነው። የልጅቷ ነጭ የደም ሕዋስ ትንሽ ቀንሷል።

«ጨረሩ ደካማ ዓይነት ነው» አለች ሐኪሟ። «የደሟ መቀነስ ከጉንፋንም ሊሆን ይችላል። ግን ስንት ሰዓት ከሥሩ እንደተቀመጠች ስለማናውቅ፣ ምንም አይደለም ብዬ አልዋሽሽም። ደሟን ከወር በኋላ ደግመን እንመረምራለን፤ ከዚያም በየዓመቱ እናያታለን።»

በሚቀጥለው ምርመራ ደሟ ወደ ቦታው ተመለሰ። ወደ ቤታቸውም ገቡ። አማቷ ቁም ሣጥኑን አሽጠው በምትኩ የልብስ ገመድ ወጠሩ። ምራታቸውን ፈሪ ማለትም ተዉ፤ የሚያሾፉበት ነገር ሲያጡ አሁን ሊጠይቋቸው በሚመጡት ዶክተር ሽበት ያሾፋሉ። ጨለሜ ወደ ጨለማ ክፍሏ ተመለሰች፤ አዲሱ ቅብም ሙቀቱን ቻለ። ባሏ ከፈረሰ ቦታ ዕቃ ማምጣት አቆመ። እሷና እሱ ቆይተው እየተነጋገሩ መጡ፤ መጀመሪያ ስለ ልጅቷ፣ ቀጥሎ ስለ ቤቱ፣ በኋላ ስለ ሌላውም።

ዘንድሮ ልጅቷ ቁመቷ ከእናቷ ትከሻ ደርሷል። ለምርመራው ሲሄዱ አባቷ እንደ ልማዱ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ያያል። ጨለሜ ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

«እማዬ፣ እጄን አደነዘዝሽው እኮ» አለቻት ልጅቷ።

ላላ አደረገችላት እንጂ አልለቀቀቻትም። ሐኪሟ ከወረቀቱ ቀና ብላ «ደህና ናት» ስትል፣ ጨለሜ አንዴ እንድትደግምላት ለመነቻት። ከዚያ ወጥታ ለባሏ ነገረችው።