እትዬ ብርቅነሽ ያላሳቁበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ለልጁ ሠርግ ዳስ ሲጥል፣ አዲስ የተቆረጠውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ፀሐይ መታውና ሽታው በአጥሩ ሾልኮ መጥቶ የያዝኩትን ሥራ አስጣለኝ። ለሌላው የሠርግ ሽታ ይሆናል። እኔን ግን በጃንሆይ ዘመን ወደነበረው የንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ቅጠል ወደተነሰነሰበት መድረክ፣ ወደ እትዬ ብርቅነሽ ወሰደኝ።

እትዬ ብርቅነሽ የእስቴ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከእናታቸው ቤት ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ብዙ ከተንከራተቱ በኋላ አንድ የቴአትር ቡድን ተጠጉ፤ ቴሌቪዥን በመጣ ሰሞን ደግሞ የታዘዘችውን ሁሉ አዛብታ የምትሰማ፣ ጆሮዋ የከበደ ገረድ ሆነው ሲጫወቱ ከተማውን በሳቅ ገደሉት። ዕድሜያቸው ገፋ ሲል ገረዷ ለአንዲት ወጣት ተሰጠች። እሳቸውም ሻንጣቸውን ይዘው ንፋስ መውጫ ሱቅ ወደነበራቸው ወንድማቸው መጡና በእኛ ትምህርት ቤት የሴቶች ልጆች የስፌት መምህርት ሆኑ።

ቴሌቪዥን በዓይኑ ያየ ሰው በከተማችን በጣት የሚቆጠር ነበር። ካዩት አንዱ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሲሆን፣ «ሳጥን ውስጥ ሆነው የሚያስቁት ሴትዮ» እያለ ዝናቸውን ከገበያ ገበያ አዳረሰው፤ እኛ ልጆችም እኚህን ደልዳላ፣ ቁመተ ረጅም ሴት ሳጥኑ ውስጥ በየት በኩል እንዳስገቧቸው ስንከራከር ከረምን። መንገድ ላይ «ደህና ዋላችሁ?» ሲሉ እንኳ ሰው ይስቅ ነበር። እሳቸው ግን አይስቁም።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ ዳይሬክተሩ የገረዷን ጨዋታ እንዲያሳዩ ለመኗቸው።

«ገረዷን አዲስ አበባ ትቻት ነው የመጣሁ፤» አሉ። ይልቅ ራሳቸው የጻፉትን አመጡ። አንዲት ልጅ ከቤት ትጠፋለች፣ እናቷ መንገድ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሌላ ነገር የለውም። እናቲቱ ራሳቸው ሊሆኑ ነው፣ ልጅቱ ደግሞ እኔ፣ የስድስተኛ ክፍሏ።

አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ነገሩን ሲሰማ ቅኔ ማስተማሩን አቋርጦ «አይሆንም» አለ። እትዬ ብርቅነሽ በማግስቱ ደጃችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደቀ መዛሙርቱ እስኪበተኑ ጠበቁ፤ አባቴ አላናገራቸውም። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ወጣ።

«የኔታ፣ ልጅዎን ለአንድ ቀን ይስጡኝ።»

«የኔ ልጅ ሰው ፊት ቆማ መሣቂያ አትሆንም እመይቴ።»

«ማንም አይስቅም።»

«እርስዎን አይቶ የማይስቅ ማን አለና?»

ቃሉ ገና ከአፉ ሲወጣ እንደጸጸተው አወቅኩ፤ ሲደነግጥ ጥምጥሙን ይነካ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው አልተለወጠም።

«እኔም እሱን ነው ማየት የምሻ። መጥተው ይመልከቱ። ሰዉ እስከ መጨረሻው ከሳቀብን ልጅዎን እጇን ይዘው ይሂዱ።»

በልምምዱ ጨካኝ ነበሩ። መድረኩ ላይ ከተሠራው ጎጆ በር መውጣቱን ብቻ እግሬ እስኪዝል አስደጋገሙኝ። አንድ ቀን ደክሞኝ ወደ ኋላ ስመለከት፣ «ዞረሽ አትይ! እኔ ዞሬ አላየሁም፤» አሉኝ። የማን ታሪክ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እናታቸው ሲጠብቋቸው ነበር የሞቱት።

ቀኑ ደረሰ። ግቢው ሞላ። እትዬ ብርቅነሽ እንዝርታቸውን ይዘው ገና ብቅ ሲሉ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ድሬሰሩ ከሁሉ በላይ ሆዱን ይዞ ይንፈራፈር ነበር። «ምን አልሽኝ በያት!» ብሎ አንዱ ጆሮ የከበዳትን ገረድ እንዲሆኑ ጮኸ። እሳቸው ሳይጀምሩ ቆመው ጠበቁ። ሳቁ በረድ አለ፣ እንደገና ተነሣ። አሁንም ቆሙ። እኔም አጠገባቸው ቆሜአለሁ። በዓይኔ አባቴን ስፈልግ ከኋላ ተነሥቶ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁት፤ ሊወስደኝ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። ግን መካከል ሳይደርስ ግቢው ጸጥ አለ፤ እሱም ቢጨንቀው ጥምጥሙን እንደነካ እዚያው ሴቶቹ መሃል መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ጀመሩ። እኔ ቃሌን ብዬ ወጣሁ፤ ዞሬም አላየሁም። ስሜን ሦስት ጊዜ ተጣሩ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ወርደው ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ፣ «ልጄን አይታችኋል? ነጠላዋ ጥለቱ ቀይ ነው» ሲሉ ሰው አንገቱን ደፋ። ፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ግን ጨዋታ መሆኑን ረስተው፣ «አላየናትም እኅቴ፣ ትመጣለች፣ አይዞሽ!» ብለው እጃቸውን ያዙ።

ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ዳይሬክተሩ ደነገጡ፤ እትዬ ብርቅነሽ ግን ተቀምጠው ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ያን ጊዜ ብቻ ፈገግ አሉ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ጠየቀኝ።

«ነገም ልምምድ አለሽ?»

«አለቀ እኮ አባባ።»

«ምኑ አለቀ? ወገዳ ያለው ሰው አላየውም።»

በጋው ሲገባ በበቅሎ ስማዳ፣ ወገዳ ወረድን፣ ከዚያም እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፤ አባቴ ጠባቂ ነኝ ብሎ አብሮን ዞረ። በየደረስንበት መጀመሪያ ሳቅ ነበር፣ በየደረስንበት እትዬ ብርቅነሽ ቆመው ጠበቁ። መካነ ኢየሱስ ላይ፣ የእናታቸው አገር ነውና፣ ከሁሉ ረዘም አድርገው ቆሙ። ስንመለስ ወንድማቸው ሱቅ ከአዲስ አበባ የመጣ ደብዳቤ ጠበቃቸው፤ ወጣቷ አላሳቀችም፣ ገረዷን ተመልሰው ይጫወቱ የሚል ነበር። ቆመው አነበቡት፣ በጀርባው «ሥራ ላይ ነኝ» ብለው ጻፉና በመጣበት መኪና መለሱት። እስከ ዕለተ ሞታቸው ከንፋስ መውጫ አልወጡም።

ኋላ አዲስ አበባ ስማር የቴአትር ወዳጆችን ስለሳቸው ጠየቅኩ። «ያቺ ደንቆሮዋ ገረድ!» ብለው ይስቃሉ፤ ስለ እናቲቱ የሚያውቅ አልነበረም። እናቲቱን ያየነው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰዎች ነን፣ እኛም እያለቅን ነው። ደብተራቸው አልተረፈም። በየከተማው ቃሉን እየለዋወጡ ይናገሩት ስለነበር የእናቲቱን ንግግር ይዤ ማስቀረት አልቻልኩም። የኔን፣ የምትሄደዋን ልጅ ንግግር ግን፣ እስከ ዛሬ አንድም ቃል ሳልስት እወጣዋለሁ።