ያልቆመው ወፍጮ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ወልቂጤ የብረታ ብረት ቤት የከፈተ አንድ ወጣት ጠራኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ብሬከር ብየዳውና መቁረጫው አብረው ሲነሱ እየወረደ ኃይል ያቋርጥብኛል፤ ተለቅ ያለ ቀይርልኝና ልገላገል» አለኝ። መጀመሪያ ገመዱ ይወፍር፣ አለዚያ ግሎ ይቃጠላል አልኩት መሰለኝ። ሌላ ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ጆሮዬ ቡታጅራ ነበር።

ያኔ፣ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ የመብራት ሥራ በግሌ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። ሀጂ ሸምሱ የሚባሉ የቡታጅራ ባለ ወፍጮ ለአዲሱ ወፍጮ ቤታቸው መስመር የሚዘረጋ ሰው ሲያፈላልጉ አንድ ዘመዴ ጠቆማቸው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። በአገና አድርጎ ተራራውን የሚሻገረው መንገድ ስላልደረቀ፣ እየወረድን ሚኒባሱን እየገፋን፣ ጉም የዋጠውን የእንሰት ጓሮ እያለፍን ደረስን። የሀጂ ባለቤት እትዬ ዘይነባ ቆጮ በአይብና በጎመን አቀረቡልኝ። እንደዚያ ያለ ጎመን ከዚያ ወዲህ አልበላሁም። የቀድሞው ወፍጮ ቤት መቃጠሉን፣ ነስሩ የሚባለው የበኩር ልጃቸውም እዚያው መቅረቱን መንገድ ላይ ሰምቻለሁ፤ እንዴት እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ከዋናው ቆጣሪ ወፍራም ገመድ ስቤ ለወፍጮ ክፍሉ የራሱን ቦርድ ሰቀልኩለት፤ ለእህሉ ወፍጮ አንድ ብሬከር፣ ለበርበሬው አንድ፣ ለመብራቱም ሌላ፣ እያንዳንዱ በገመዱ አቅም ልክ። ሀጂ ወንበር አምጥተው ቦርዱ ፊት ይቀመጣሉ። አይጠይቁም፤ አይነኩም። ለሶላት ይነሱና ተመልሰው ይቀመጣሉ። ከጀርባዬ ሆነው የሚያዩት እኔን ይሁን ሌላ ሰው፣ እንጃ።

ሥራው ባለቀ ዕለት «ፍቅሬ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ሲቆም አሳየኝ።»

«ሀጂ፣ ሲሠራ ማለትዎ ነው?»

«መሥራቱንስ አውቃለሁ። ሲቆም አሳየኝ።»

ኃይሉን አጥፍቼ ሁለቱንም ወፍጮ በአንዱ ብሬከር ላይ አገናኘሁ፤ እህልና በርበሬ ጨምረን አስነሳኋቸው። ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ የበርበሬው ብናኝ አስነጠሰን። ሀጂ መዳፋቸውን ገመዱ ላይ አሳርፈው ጠበቁ። እኔም ጠበቅሁ። የማይወርድ መሰለኝ። ድንገት «ቋ!» አለ፤ ወፍጮዎቹ እያቃሰቱ ቀስ በቀስ ዝም አሉ።

ሀጂ እጃቸውን አላነሱም። «ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «የገበያ ቀን ነበር። ሁለቱ አብረው ሲፈጩ ፊውዙ እየተቃጠለ አስቸገረኝ። ሰው ተሰልፏል። ዳግም እንዳያቋርጥ በመዳብ ሽቦ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ከዚያ በኋላ አልቆመም።»

እትዬ ዘይነባ ለካ የወፍጮው ዝምታ አስደንግጧቸው መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«አዎ፣ አልቆመም» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ጣሪያው ሲጤስ እንኳ ይፈጭ ነበር። ቤት ሆኜ ድምፁን እሰማለሁ። ነስሩ ሥራ ላይ ነው፣ ምሳውን ትንሽ ቆይቼ እልክለታለሁ ብዬ ቁጭ ብያለሁ።»

ሽቦውን ማን እንደጠቀለለው ገና ያን ቀን መስማታቸው ይሁን፣ ዱሮም ያውቁት ይሁን፣ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም። ወደ ሀጂ ሄዱና እሳቸውም መዳፋቸውን ገመዱ ላይ አኖሩ። እኔ መፍቻዬን አነሳሁ። ቀስ ብዬ ልወጣ ስል ሀጂ ሳይዞሩ፣ «መልሰህ በየቦታው እሰረው፤ ነገ ሰው እህል ይዞ ይመጣል» አሉኝ። አሰርኩት።

ያ ወፍጮ ለብዙ ዓመት ሠርቷል። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔ ግን በእምድብርም ሆነ በአረቅጥ ሳልፍ ወፍጮ ሲያጓራ ከሰማሁ እቆማለሁ። ሌላው ሰው የደህና ቀን ድምፅ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ፣ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ፊቱ በዱቄት ነጥቶ ከበሩ ብቅ እስኪል ድረስ እግሬ አይሄድልኝም።